የ57ቱን ጎልደን ሃውክ ወናፍ ማስነሳት

ሳምንት 1

መኪናዋ ሰኞ ማታ በተጎታች ገባች። የ1957 ስቱድቤከር ጎልደን ሃውክ ናት። ሁለት በር፣ ቪ8፣ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 4.7 ሊትር። ሞተሯ ይነሳል። ሱፐርቻርጀሯ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው ዕቃ) ግን የመጣው ሞተሩ ላይ ሳይሆን በእንጨት ሳጥን ነው። ብሎኖቹና ሞላዎቹ ደግሞ በቡና ጣሳ።

ባለቤቱ ሰማንያ የተጠጉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሲያፏጭ ሰልችቷቸው ያወለቁት ራሳቸው ናቸው። "ነገ አሠራዋለሁ ስል ሃያ ዓመት ሄደ" አሉኝ።

እኔ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቀን ቀን ቶዮታና ሆንዳ እጠግናለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ቱርቦ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ከፍቼ አላውቅም። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ግድ አልሰጣቸውም። የእጅ ዋጋ በቁርጥ 1,800 ዶላር፣ ዕቃ በሳቸው፣ እኔ ያበላሸሁት ዕቃ በኔ። ተጨባበጥን። (በኋላ የጨመርኩት፦ በቁርጥ መዋዋል አልነበረብኝም።)

ከሁሉ በፊት የሞተሩን ጤና ማወቅ ነበረብኝ። የደከመ ሞተር ላይ አየር ማስገደድ ሳል የያዘውን ሰው ጡሩምባ ንፋ እንደማለት ነው። ካንዴላዎቹን አውጥቼ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት ለካሁ። ስምንቱም ከ105 እስከ 115 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ናቸው። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ይመስላል። ይህ ሞተር ግን ሲሠራም ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ያለ ነው፣ 7.5 ለ 1 አካባቢ። ሱፐርቻርጀር የሌለው ወንድሙ ከዚህ ይበልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አየሩ አስቀድሞ ታምቆ ስለሚገባ ፒስተኑ እንደገና አብዝቶ ቢያምቀው ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳል።

ስለዚች መኪና አንድ ነገር ደስ አለኝ። የ1956ቱ ጎልደን ሃውክ የያዘው ትልቁን የፓካርድ ሞተር ነበር፣ 352 ኪዩቢክ ኢንች። 275 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን ከባድ ነው፣ የመኪናዋን አፍንጫ ይጫነዋል። በ1957 ያንን ሞተር ማግኘት ቀረ። ስቱድቤከሮች የራሳቸውን ትንሽ 289 አወጡና ሱፐርቻርጀር ጫኑበት። ውጤቱ ያው 275። 63 ኪዩቢክ ኢንች ጎደለ፣ በአየር ተሞላ።

ሳምንት 2

ከፈትኩት።

ስሙ ቪኤስ57 ነው። የሠራው ማኩሎክ ነው፤ የዛፍ መቁረጫ ሞተር መጋዝ ላይ ስሙን የምታዩት ማኩሎክ። ሮበርት ፓክስተን ማኩሎክ ከመጋዙ በፊት የጀመረው በሱፐርቻርጀር ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ለፎርድ ቪ8 የሚገጠም ይሠራ ነበር። በኋላ የመጣው "ፓክስተን" የሚባለው ማርካም ከመካከለኛ ስሙ የተወሰደ ነው። በ1968 የለንደንን ድልድይ ገዝቶ አሪዞና በረሃ ላይ ያስተከለው ሰውዬም እሱ ነው። የዚህን ሰው ዕቃ ስትከፍት ቀላል ነገር አትጠብቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ቅጠል ያለው ትንሽ ጎማ መሰል መዘውር አለ። እሱ ሲሽከረከር አየሩን ከመሃል ስቦ ወደ ዳር ይወረውራል። የተወረወረው አየር በቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ ይሄዳል። ችግሩ ይህ ዓይነት መዘውር ቁም ነገር የሚሠራው ሲበር ብቻ መሆኑ ነው። በደቂቃ 30,000 ዙር ድረስ ይፈልጋል። ሞተሩ ደግሞ ቢሞት 5,000 ነው። በቺንጋና በፑሊ ብቻ እዚያ መድረስ አይቻልም።

ማርሽ ይገጠምለታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የለውም! ጥርስ የሚባል ነገር የለም። የብረት ኳሶች ናቸው ያሉት። ኳሶቹ በውጪ ቀለበትና በመሃል ዘንግ መካከል በሞላ ተጨምቀው ይንከባለላሉ። ፑሊው አንዴ ሲዞር መዘውሩ 4.4 ጊዜ ይዞራል። ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በኳሱና በቀለበቱ መካከል ያለው ቀጭን የዘይት ሽፋን ነው። ማርሽ ቢሆን ኖሮ በዚያ ፍጥነት ጩኸቱ አያስቀምጥም ነበር።

አሁን ስህተቴ። ሞላዎቹ ያለባቸውን ቀለበት ሳላስር ፈታሁት። ተወረወሩ። አንዱን ኮምፕረሰሩ ሥር በማግኔት ስፈልግ አርባ ደቂቃ ሄደ። ይባስ ብዬ የጠበቀውን ቀለበት በካቻቢቴ ገፋሁት። ጫፉ ተንሸራቶ ኳሱ የሚሄድበትን ፊት ጫረው። በጥፍር ስትዳስሰው ይሰማል። በጥፍር ከተሰማ ደግሞ አለቀ፣ መቀየር ነው። 110 ዶላር፣ ከኪሴ።

ሌሎቹም ቢሆኑ ደህና አልነበሩም። ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ኳሶቹ በቆሙበት በቆሙበት ቀለበቱ ላይ የዝገት ነጥብ ትተዋል። ሽማግሌው የሰሙት ፉጨት ግን ከዝገቱ በፊት ስለነበር ምክንያቱ ሌላ ነው። ኩሽኔታዎቹ ልቅ ናቸው።

ሙሉ የመለዋወጫ ኪት 640 ዶላር አዘዝኩ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉ። ልምድ ላለው ሰው ልኮ ማሠራትም ነበር። ዋጋው ግን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ወረፋውም ወራት።

ሳምንት 3

ዕቃ እየጠበቅኩ ነው። ማኒፎልዱን አጠብኩ፣ የካርቡራቶሩን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ። ሌላ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ያነበብኩትን እዚህ ላስፍር።

ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ጋሼ መርካቶ ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ልጃቸው ዘንድ ናቸው፣ ቡና ሊጠጡ ብቅ ይላሉ። የተፈታውን አይተው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። አየር እየነፋ ወደ ሞተሩ የሚከት ነው አልኳቸው። "እንግዲያው ወናፍ ነው በለኛ።"

ልክ ናቸው። ትውልዱም እዚያው ነው። ኢንዲያና ውስጥ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ ሩትስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1860 አንድ የአየር መንፊያ ፓተንት አወጡ። ሁለት ጎባጣ መዘውሮች ጎን ለጎን እየዞሩ አየር የሚገፉበት ነው። መኪና ገና አልተወለደም። ብረት ለሚያቀልጥ ምድጃ ነበር የሚያገለግለው። ፊሊንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የሠሩት የአንጥረኛ ወናፍ ነበር ማለት ነው፤ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መኪና ላይ በአሜሪካ ቀድሞ የሞከረው ፔንሲልቬንያ ውስጥ መኪና ይሠራ የነበረው ሊ ቻድዊክ ነው። መኪናው በቺንጋ የሚነዳ የአየር መንፊያ ነበረው። በ1908 ዊልክስ ባሬ ከተማ አጠገብ በሚደረገው የዳገት ውድድር ያቺ መኪና አሸነፈች። ዳገት ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ አውሮፕላን መጣ። አውሮፕላን ሲወጣ አየር ይሳሳል፣ ሞተር ይታፈናል። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የሚባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ፓይክስ ፒክ ጫፍ ላይ አወጣው። ተራራው ከኔ ጋራዥ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ከፍታው ከ4,300 ሜትር ይበልጣል። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ 230 ሰጠ። በጭስ የሚዞረውን የአየር መግፊያ ሲያስነሳው 356 ሆነ። ከዛሬው ቱርቦ አያቶች አንዱ ነው።

በ1924 ዱዘንበርግ የሚባለው መኪና ሠሪ በሱፐርቻርጀር ኢንዲያናፖሊስ 500 የሚባለውን የመኪና ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የውድድር መኪና ያለሱ አይታሰብም ሆነ። ወደ መንገድ መኪናም ገባ። እዚህ ጋ ነው እኔን የገረመኝ።

ማን ማን እንደገጠመው እዩ። ግራም በ1934። ኦበርን በ1935። ኮርድ በ1937። ከጦርነቱ በኋላ ካይዘር በ1954፣ ስቱድቤከር በ1957። ሁሉም ሊወድቁ የሚንገዳገዱ ኩባንያዎች ናቸው። አዲስ ሞተር መንደፍ፣ ፎርማ መሥራት፣ ፋብሪካ ማስተካከል ብዙ ሚሊዮን ይበላል። ያ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸውን አሮጌ ሞተር ይዘው ወናፍ ጫኑበት። ኦበርን 115 የነበረውን ስምንት ሲሊንደር 150 አደረሰው። ስፒድስተር በተባለው መኪናው ዳሽቦርድ ላይ መኪናው በሰዓት ከ100 ማይል በላይ መሄዱን የሚመሰክር፣ የመኪና ተወዳዳሪው አብ ጄንኪንስ ፊርማ ያለበት ሰሌዳ ለጠፈ። ዋጋው 2,245 ዶላር ነበር። ካይዘር ቪ8 መሥሪያ አጥቶ ስድስት ሲሊንደሩን ከ118 ወደ 140 አሳደገ፣ በዚሁ በኔ ማኩሎክ። ጄኔራል ሞተርስ ጉልበት ሲያምረው ግን ሞተሩን ያሰፋዋል። ሱፐርቻርጀር በዚያ ዘመን የድሃ ብልሃት ነበር። ማናቸውንም አላዳነም፤ ዛሬ አንዳቸውም መኪና አይሠሩም።

ዱዘንበርግ ይህን ሐሳቤን ያፈርስብኛል። የ1932ቱ ኤስጄ 320 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የሚሸጠው ለፊልም ተዋናይና ለባለ ፋብሪካ ነበር። ድሃ አጠገቡ አይደርስም። ግን ያም ኩባንያ ከ1937 አላለፈም።

ሳምንት 4

ዕቃው አልመጣም። ኮፈኑን አየሁት። ሱፐርቻርጀሩ ከሞተሩ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ የፋብሪካው ኮፈን አልበቃውም። ስለዚህ ላሜራውን ቀደዱና ከላይ በፋይበርግላስ ጉብታ ደፈኑት። ጉብታው ዛሬ የመኪናዋ ውበት ተብሎ ይደነቃል። ለኔ የሱፍ ልብስ ላይ የተሰፋ ጥሩ ጥገና ነው። ጠርዙ ተሰንጥቆ ስለነበር በሬዚን ሞላሁት።

ጋሼ ስልካቸው ላይ የድራግ (የአጭር ቀጥታ መንገድ) ውድድር ቪዲዮ አሳዩኝ። ኮፈኑን በስቶ የወጣ ትልቅ ሳጥን ያለው መኪና። "ይኸኛውስ ያንተ ዓይነት ነው?" አይደለም። ያ የሩትስ ዘር ነው። የመጣውም ከአውቶቡስና ከካሚዮን ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1938 ያወጣቸው 71 የሚባሉት ዲዝሎች ባለ ሁለት ምት ናቸው። ባለ ሁለት ምት ዲዝል በራሱ አየር አይስብም፤ አንድ ነገር ካልነፋበት ጭሱ አይወጣለትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር ወናፉን ይዞ ነው የሚወለደው። 6-71 ማለት ስድስት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች። ከጦርነቱ በኋላ የካሊፎርኒያ ልጆች እነዚህን ከውዳቂ ብረት መሸጫ በርካሽ አገኟቸው። ባርኒ ናቫሮ ትንሹን 3-71 ፎርድ ቪ8 ላይ ገጠመና መንገዱን አሳየ። ትልቁ 6-71 ተከተለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሱማሌ ተራ ቢሆን በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር" አሉ።

ሳምንት 5

ኪቱ ሐሙስ ደረሰ። አዲስ ኳሶች፣ ቀለበቶች፣ ኩሽኔታዎች፣ የዘይት ሲሎች።

ኩሽኔታው አሉሚኒየሙ አካል ውስጥ ተጨንቆ ነው የሚገባው። በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። አሉሚኒየሙን ማሞቅ፣ ኩሽኔታውን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ኩሽኔታውን በላስቲክ ጠቅልዬ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬው ጎን አሳደርኩት። አካሉን በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ ስትሄድ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። መቶ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ኩሽኔታው በጣት ግፊት ጠብ ብሎ ገባ። ሥራው ቆንጆ ሆነ። ያላሰብኩት ግን በደንብ ያጠብኩት የመሰለኝ አካል ጉድጓዶቹ ውስጥ ዘይት ይዞ ነበር። ቤቱ የጋራዥ ሽታ ሸተተ። የቅዳሜው ድፎ ዳቦ ቀረ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አሮጌ የጠረጴዛ ምድጃ በ20 ዶላር ይገኛል፤ ግዙ፣ ሰላም ታገኛላችሁ።

ሞላዎቹን በዚህኛው ዙር በረጅም ብሎን ይዤ ቀስ በቀስ አጠበቅኳቸው። አንድም አልተወረወረም።

መዘውሩን ገጥሜ በእጅ ሳዞረው ጭር ጭር አለ። ቅጠሎቹ ሽፋኑን ይነካሉ። በ30,000 ዙር ቢነካ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፈታሁ፣ ቀጭን ማስተካከያ ዋሸር ጨመርኩ፣ ገጠምኩ። አሁንም በአንድ በኩል ነካ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ፣ በፊለር (በክፍተት መለኪያ) ዙሪያውን ለክቼ እኩል ሆነ። አራት ሰዓት በላብኝ።

መኪናው ላይ ከመስቀሌ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። የአሮጌ ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ ሞተር፣ በደቂቃ 1,725 ዙር፣ እኩል ፑሊ። ሲባዛ በ4.4 መዘውሩ 7,600 ገደማ ይዞራል። ከሙሉ ፍጥነቱ ሩብ ብቻ ቢሆንም የውስጡን ድምፅ ለመስማት ይበቃል። ለስላሳ እሪታ ነው። ጋሼ በር ላይ ቆመው "ወፍጮ ቤት አስመሰልከው" አሉ። ፉጨቱ የለም።

ሳምንት 6

መኪናው ላይ ወጣ። ቱቦ፣ ማጥበቂያ ቀለበቶች፣ ቺንጋ፣ ካርቡራቶሩ ላይ የሚደፋው ቆብ። የአየር ግፊት ጌጅ በ48 ዶላር ገዝቼ ከቆቡ መስመር ሳብኩ። ሳይሞክሩ ከመገመት ይሻላል።

ሰፈር ውስጥ ደህና ሄደች። አውራ መንገድ ላይ ቤንዚኑን እስከ ታች ስረግጠው ሦስት ሰከንድ ገፋችና ጭልጥ አለች። እግሬን ሳነሳ ተመለሰች። እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ጠፋች።

ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቦቢናውንና ኮንደንሰሩን ቀየርኩ። 62 ዶላር። ለውጥ የለም። ካንዴላ አየሁ፣ ነጭ ነው። ነጭ ካንዴላ ቤንዚን አነሰኝ ይላል። ይህን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ የድሮው የቤንዚን ፓምፕ ያንጠባጥብ ስለነበር ከዕቃ መደብር በ38 ዶላር ተራ ፓምፕ ገጥሜያለሁ። ይገጥማል፣ ይሠራል፤ ሱፐርቻርጀር ለሌለው 289። በዚህ መኪና ግን የታመቀው አየር ካርቡራቶሩን ከላይ ይጫነዋል። ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ሳህንም ይጫነዋል። ፓምፑ 4 ፒኤስአይ ይገፋል፤ ሳህኑ ውስጥ ያለው አየር 2.5 መልሶ ይገፋዋል። የሚተርፈው 1.5 ነው። ቤንዚኑ አፍ ለአፍ ገጥሞ ከሚነፋበት ሰው ጋር ይታገላል ማለት ነው።

የድሮውን ፓምፕ ከቆሻሻው ጣሳ አነሳሁት። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ለምን እንደሆነ ያልጠየቅኩት ቀዳዳ። ከካርቡራቶሩ ቆብ ቀጭን ቱቦ እዚያ ይገባል። የአየሩ ግፊት በጨመረ ቁጥር የፓምፑን ዲያፍራም ከኋላ ይደግፈዋል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይበረታል። መሐንዲሶቹ በ1957 በአንድ ቱቦ የጨረሱት ነገር ነው። የፓምፑ መጠገኛ ኪት 95 ዶላር ነበር። ገጠምኩ። ጭልጥ ማለቱ ቆመ።

ደንብ አወጣሁ፦ ከዚህ መኪና ላይ የወለቀ ነገር እስክረዳው ድረስ አይጣልም።

ሳምንት 7

አሁን ደግሞ ጌጁ። የጥገና መጽሐፉ 5 ፒኤስአይ ይላል። እኔ የማገኘው 2.5 ነው።

መጀመሪያ ሶሌኖይዱን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማግኔት ጠረጠርኩ። ይህ ሱፐርቻርጀር ቪኤስ የተባለው ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ ነው። ፑሊው ሁለት ግማሽ ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳ ግማሾቹ ይጠጋጋሉ፣ ቺንጋው በሰፊው በኩል ይሄዳል፣ መዘውሩ ያርፋል። ቤንዚን ስትረግጥ ካርቡራቶሩ ጋ ያለው ማብሪያ ሶሌኖይዱን ይቀሰቅሳል፤ ግማሾቹ ይራራቃሉ፤ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፑሊው ጠበበ ማለት ነው፤ መዘውሩ ይፈጥናል። ሐሳቡ ግሩም ነው። የሚበላሸው ነገር ግን በዛ። በ1963ቱ ስቱድቤከር አቫንቲ ላይ የወጣው ተከታዩ ኤስኤን60 ይህን ሁሉ ትቶ በአንድ ቋሚ ፑሊ የቀረው በከንቱ አይመስለኝም።

ሶሌኖይዱ ቀጭ ይላል። ጤነኛ ነው። ቺንጋውን አየሁ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ይንሸራተታል። አዲስ በ27 ዶላር። 3.2 ሆነ።

ከዚያ ዘይት። የራሱ ትንሽ ዘይት ቋት አለው፤ የሚጠጣው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። እኔ ጥሩውን ልስጠው ብዬ ውድ የሆነውን የዘመኑን ሲንቴቲክ ሞልቼ ነበር፣ 14 ዶላር። የዘመኑ የካምቢዮ ዘይት ማለስለሻ ይጨመርበታል። እዚህ ውስጥ ግን ጉልበቱን የሚያስተላልፈው የኳሱ ጭብጥ ነው። እጅህን ቅቤ ቀብተህ ገመድ አትጎትትም። አፈሰስኩትና ታይፕ ኤፍ የሚባለውን የድሮ ዓይነት ሞላሁ። 9 ዶላር። 4.1 ሆነ። ለውጡ ሁሉ የዘይቱ ነው ብዬ ግን አልምልም፤ ያን ቀን ቺንጋውንም ደግሜ አጥብቄዋለሁ።

4.1 ላይ ቆመ። ሁለት ማታ ሙሉ ፈለግኩ። የሳሙና ውሃ ይዤ ቱቦዎቹን ሁሉ ዳሰስኩ፤ አረፋ የለም። ቱቦ ቀየርኩ፣ ማጥበቂያ ጨመርኩ፣ 31 ዶላር። 4.1።

ሦስተኛው ማታ ቡና ይዤ ቁጭ ባልኩበት ነው የገባኝ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ባሕር ወለል ነው። እዚያ አየሩ ራሱ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል። ኦሮራ ከባሕር ወለል ወደ 1,650 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ 12.2 ገደማ ነው። ይህ መዘውር ደግሞ ያገኘውን አየር የሚያበዛ እንጂ ቋሚ ቁጥር የሚጨምር አይደለም። ባሕር ወለል ላይ 14.7ን 19.7 ያደርጋል። ሲካፈል 1.34 ነው። 12.2 ሲባዛ በ1.34 ከ16.3 በላይ ነው። ከውጪው አየር ሲቀነስ 4.1 ወይ 4.2።

ምንም አልጎደለም። የጠፋውን የበላው ከፍታው ነው።

በራሴ ሳቅኩ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ አየሩ 11 ፒኤስአይ ቢሆን ነው። አዋሽ ላይ የምትከንፍ መኪና ሸገር ስትደርስ ሲደክማት እያየሁ፣ "አየሩ ቀጭን ነው" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጋሼ ሲሰሙ አላዘኑልኝም። "ታዲያ ከደብረ ዘይት ወደ አዲስ ስትወጣ የት ነበርክ?" አሉ።

ደግሞ ቁጥሩን በሌላ በኩል እዩት። 16.3 ከ14.7 ይበልጣል። ይህች መኪና እዚህ ተራራ ሥር ሆና፣ ወናፍ የሌላት እህቷ ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኘው በላይ አየር ትተነፍሳለች። ሞስ ሞተሩን በካሚዮን ተራራ ላይ ያወጣው ይህንን ለማሳየት ነበር።

ሳምንት 8

እሑድ ጠዋት ሽማግሌውን ጎኔ አስቀምጬ በአይ-70 አውራ መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ዳገት። ካሚዮኖች በቀኝ በኩል አራት መብራት እያበሩ የሚያዘግሙበት ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ፣ ከዚያ ረገጥኩ። ሶሌኖይዱ ቀጭ። ጌጁ ከፍ። እሪታው ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ዳገቱ ላይ ስትወጣ ወደ ኋላ ተጫንን። ጌጁ ወደ 3.9 ወረደ፤ ከፍ እያልን ስለነበር አልደነገጥኩም።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ጫፍ ስንደርስ መስኮቱን ከፍተው "ድምፁን ረስቼው ነበር" አሉ። በልጅነታቸው ዘመን ስለነበረው ናስካር፣ ስለ አሜሪካ የመኪና ውድድር አወሩኝ። በ1957 ፎርድም የማኩሎክ ሱፐርቻርጀር 312 ሞተሩ ላይ ገጥሞ 300 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። ናስካር ዓመቱ ሳይጋመስ ሱፐርቻርጀርን ከለከለ። ፎርድ ተወው። ስቱድቤከር ግን ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ቀጠለበት።

ሒሳቡ ይኸው። የሳቸው ዕቃ፦ ኪት 640፣ የፓምፕ መጠገኛ 95፣ ጌጅ 48፣ ቱቦና ማጥበቂያ 31፣ ቺንጋ 27፣ ዘይት 9። ድምሩ 850 ዶላር። የኔ ስህተት፦ የጫርኩት ቀለበት 110፣ ቦቢናና ኮንደንሰር 62፣ የማይሆን ፓምፕ 38፣ የማይሆን ዘይት 14። ድምሩ 224። የሠራሁት 61 ሰዓት። ከ1,800 ላይ 224 ሲነሳ 1,576፤ ለ61 ሲካፈል ሰዓቱ 26 ዶላር አይሞላም። ምድጃውን አልቆጠርኩም።

የቀረ ነገር አለ። የፊት ዘይት ሲሉ ያንጠባጥባል። ማታ ከሥሩ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ጠዋት አንድ ጠብታ። ዘንጉ ላይ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ አዲስ ሲል ብቻውን አይይዘውም። ቀጭን የብረት እጅጌ ማልበስ ይፈልጋል። ሽማግሌው በጋውን ይነዷታል፣ ዘይቱን በየሳምንቱ ያያሉ። በልግ ሲገባ እንደገና እከፍተዋለሁ። በሰዓት ተዋውለናል።